የሙቀጫው ድምፅ

ካሴቶቹ የመጡት ድሮ ሽሮ ይዞ በሄደ ከረጢት ነው። እትዬ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ለፋሲካ መጥተው ሻንጣቸውን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያወጡት እሱን ነው። እናቴ ከዓመታት በፊት ሽሮ ሞልታ የላከችላቸው ነጭ የአቡጀዴ ከረጢት። አፉ ላይ በቀይ ክር የሰፋችው ስማቸው አሁንም አለ። ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ውስጡ አሥራ አራት ካሴት ነው። አንዱን አውጥቼ ሳየው በርበሬ በርበሬ ሸተተኝ።

«ይሄን ኮምፒዩተር ውስጥ አስገባልኝ ልጄ» አሉኝ። «እዚያ ማጫወቻዬ ከተበላሸ ቆየ። ልጆቼም ካሴት ምን እንደሆነ አያውቁም።»

«እሺ እትዬ፣ በአንድ ቅዳሜ እጨርሰዋለሁ» አልኳቸው።

ሦስት ወር ከምናምን ፈጀብኝ። ደግነቱ እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል፤ ክረምቱን እዚሁ ከእኛ ጋር ሊከርሙ ነው የመጡት።

እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። በ1974 ዓ.ም. ከደሴ ወጡ፤ በሱዳን አድርገው አሜሪካ ገቡ። እናታቸው፣ የእኔ ሴት አያት፣ ፊደል አልቆጠሩም። ደብዳቤ ማስጻፍም አይሆንላቸውም ነበር፤ የልባቸውን ለሌላ ሰው ነግሮ ማስጻፍ ያሳፍራቸዋል። ስለዚህ ከጎረቤት ቴፕ ይዋሱና ይናገራሉ። ካሴቱ ሲሞላ መጀመሪያ ወደ ካርቱም፣ በኋላም ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ይፈለግና በእጁ ይላካል። በዚያ ዘመን ልጁ የተሰደደበት ብዙ ቤተሰብ እንዲህ አድርጓል። እነዚህ አሥራ አራቱ ዘፈን የለባቸውም። ደብዳቤዎች ናቸው። አያቴ ካረፉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ድምፃቸው የቀረው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ሰዎች «ለቤት ኮምፒዩተሬ ምን ሳውንድ ካርድ ልግዛ? የቱ ሄድፎን ይሻላል?» ሲሉኝ (ሳውንድ ካርድ የኮምፒዩተሩን ድምፅ የሚያስገባውና የሚያወጣው ክፍል ነው፤ ሄድፎን ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ)፣ አሁን መጀመሪያ የምጠይቃቸው «ምን ልትሰሙበት ነው?» ብዬ ነው። ድሮ እንዲህ አልልም ነበር። ቶሎ ብዬ የዕቃ ስም እጠራ ነበር።

የኮምፒዩተሬ ፊት ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሮዝ። ከጓደኛዬ የተዋስኩትን የካሴት ዴክ ሮዙ ላይ ሰካሁት። ሮዙ የማይክሮፎን ነው። መቅዳት ጀመርኩ፤ የአያቴ ድምፅ ተሰነጣጥቆ ገባ። «እንደምን ሰነበትሽ» ሲሉ «ሽ»ዋ እንደሚቀደድ ጨርቅ ትጮሃለች። ካሴቱ ያረጀ መስሎኝ በጣም አዘንኩ። ሁለት ካሴት ሙሉ በዚያው ሁኔታ ቀዳሁ።

ጥፋቱ የካሴቱ አልነበረም። ማይክሮፎን የሚያወጣው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ነው፤ በሚሊቮልት ነው የሚለካው። ስለዚህ የማይክሮፎን ቀዳዳ የገባለትን ሁሉ ብዙ እጥፍ ያጎላል። ከዴክ የሚወጣው ደግሞ የአንድ ቮልት ሲሶ ገደማ ነው። እሱን እንደገና ሲያጎላው መያዝ ከሚችለው በላይ ይሆንበታል፤ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። አንዴ የተቆረጠ ድምፅ አይመለስም። በኋላ በሶፍትዌር ድምፁን ዝቅ ብታደርጉት የቀነሳችሁት ያንኑ የተቆረጠውን ነው። ሁለቱንም ካሴቶች እንደ አዲስ ቀዳኋቸው።

ለዴክ፣ ለቴፕና ለሬዲዮ የተሠራው ቀዳዳ ሰማያዊው ነው። ላይን ኢን ይሉታል። ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ላይ ከኋላ በኩል፣ ከአረንጓዴውና ከሮዙ አጠገብ ይገኛል። ላፕቶፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጭራሽ የለም። እንግዲህ ሳውንድ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ የኮምፒዩተራችሁን ጀርባ እዩ። ለመስማት ብቻ ከሆነ አረንጓዴው ይበቃችኋል። የምታስገቡት ነገር ካለ ግን ሰማያዊው መኖር አለመኖሩ ከዋጋው በፊት የሚጠየቅ ነው።

ሰማያዊው ላይ ስሰካው መሰነጣጠቁ ቀረ። ሌላ ጉድ መጣ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ከአያቴ ድምፅ ሥር አንድ ነገር ጥዝዝ ይላል። ማውሱን ሳንቀሳቅስ ጥዝዝታው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሳቆም ያቆማል። ፋይል ስከፍት ጭር ጭር ይላል። የኮምፒዩተሩ ሥራ ራሱ በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር።

ሳውንድ ካርድ ማለት ድምፅን ወደ ቁጥር፣ ቁጥርን ደግሞ ወደ ድምፅ የሚለውጥ ዕቃ ነው። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ድሮ የቤት ኮምፒዩተር ጢጥ ከማለት በቀር ብዙም ድምፅ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1987 አድሊብ የሚባል ካርድ ከካናዳ ወጣ። በ1989 ደግሞ የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ሳውንድ ብላስተርን አመጣ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ሳውንድ ካርድን ሁሉ «ሳውንድ ብላስተር» እያለ ይጠራ ጀመር። ያኔ ካርዱ ለብቻው ተገዝቶ፣ ሳጥኑ ተከፍቶ የሚገጠም ነበር። ኢንቴል በ1997 ኤሲ97 የሚባለውን፣ በ2004 ደግሞ ኤችዲ ኦዲዮ የሚባለውን ደረጃ ካወጣ በኋላ ድምፁ ማዘርቦርዱ፣ ማለትም የኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ ተጠቃሎ ገባ። ዛሬ የአብዛኞቻችን ኮምፒዩተር ላይ ይህን የሚሠራው ከጥፍር ብዙ የማይበልጥ ቺፕ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ የታይዋኑ የሪልቴክ ነው።

ቺፑ መጥፎ አይደለም። ይህን ደጋግሜ ነው የምናገረው፤ ሰው ያለ ምክንያት ገንዘቡን ሲያወጣ ማየት አልወድም። ችግሩ ሰፈሩ ነው። ቺፑ የሚኖረው ከፓወር ሰፕላዩ፣ ከግራፊክስ ካርዱና ከፋኑ ጋር በአንድ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። በተለይ የፊተኛው ቀዳዳ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በሳጥኑ ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ሽቦው ደግሞ በመንገዱ ያለውን ረብሻ ሁሉ ይለቅማል። ማዳመጫችሁ ከፊት ተሰክቶ ጥዝ የሚል ከሆነ ምንም ሳትገዙ ከኋላ ስኩት። ግማሹ ሰው እዚህ ላይ ይገላገላል ብዬ አምናለሁ።

እኔ አልተገላገልኩም። ማውሱን የሚከተለው ጥዝዝታ ከኋላም ቢቀንስ እንጂ አልጠፋም። ሌላም ነበረ፤ ወፍራም፣ የማያቋርጥ «እምምም» የሚል ድምፅ። ሽንት ቤት ድረስ ሄጄ የውኃ ፓምፕ መሆን አለመሆኑን አዳምጬ ተመልሻለሁ። የመብራቱ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ እምምታው የሱ ነው። ዴኩን ሳሎን ካለው ሶኬት፣ ኮምፒዩተሩን ከመኝታ ቤት በተሳበ ገመድ ሰክቻቸው ነበር። ሁለቱ በመብራቱ በኩል ይገናኛሉ፤ በድምፅ ገመዱ በኩል ደግሞ እንደገና ይገናኛሉ። ክብ ይሠራሉ። በዚያ ክብ ውስጥ የሚዞረው ትንሽ ኤሌክትሪክ ድምፅ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱንም አንድ ዲቫይደር ላይ ስሰካቸው እምምታው በአንድ ጊዜ ወረደ። የሰፈራችንን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቼ ሳስፈትሽ ደግሞ ከሶኬቶቹ ግማሾቹ ግራውንዳቸው፣ ወደ መሬት የሚወስደው የደኅንነት ሽቦ፣ ጭራሽ አልተገናኘም። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ አስፈትሹት። ለድምፁ ብቻ አይደለም፤ ለሕይወታችሁም ነው።

የቀረውን ጥዝዝታ ለማጥፋት ካርዱን ከሳጥኑ ማውጣት ነበረብኝ። በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ውጭ የሚቀመጥ ካርድ ማለት ነው። ለቤት ሰው ዛሬ የምመክረውም ይሄንኑ ነው፤ ከብረት ሳጥኑ ይርቃል፣ ነገ ኮምፒዩተር ብትቀይሩም ከእናንተ ጋር ይሄዳል።

ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት አገኘሁ። አንደኛው እንደ ፍላሽ የምትሰካ ትንሽዬ ናት፤ ላይዋ ላይ «7.1» የሚል ተጽፎባታል። ሁለት ቀዳዳ ያላት ዕቃ ስምንት ስፒከር ልታጫውት አትችልም። ጽሑፉ በሶፍትዌር የሚደረግ ማስመሰልን ነው የሚናገረው። የማይክሮፎኗ ቀዳዳ ያው ሮዝ ነው፤ ለካሴት አትሆንም። ሁለተኛው ማይክሮፎን ለሚቀዱ ሰዎች የተሠራ ነው። እንደ ፎከስራይት ስካርሌት ያለው ማለት ነው። ፖድካስት፣ መዝሙር ወይም ትረካ ቤቱ ሆኖ የሚቀዳ ሰው እሱን ይግዛ፤ ገንዘቡ አይባክንም። ሦስተኛው ቀይና ነጭ ቀዳዳ ያለው፣ ከዴክ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ዓይነት ነው። እኔ የወሰድኩት ከዚህኛው ወገን ቤሪንገር ዩሲኤ222 የሚባለውን ነው። ከክብሪት ሳጥን ትንሽ ከፍ ይላል። ለማዳመጫም ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ያለው መውጫ አለው።

አንድ ወዳጄ ሲያየው ቅር አለው። «ይሄ እኮ 16 ቢት 48 ኪሎኸርዝ ነው። አሁን 24 ቢት 192 እየተሸጠ!» አለኝ። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ድምፁም ትልቅ የሚሆን ይመስላል። እስቲ እንየው። 48 ኪሎኸርዝ ማለት ድምፁ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል ማለት ነው፤ በዚህ ልኬት እስከ 24,000 ኸርዝ ድረስ ያለውን ድምፅ መያዝ ይቻላል። ጤነኛ የወጣት ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ገደማ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ እሱም ይቀንሳል። 16 ቢት ደግሞ በጣም ዝቅ ካለው ድምፅ እስከ በጣም ከፍ ያለው 96 ዴሲቤል ያህል ቦታ ይሰጣል፤ ዴሲቤል የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ሲዲ የሚሠራው በ16 ቢት ነው። የካሴት ሪባን ከራሱ ሽሽሽታ በላይ ያለው ቦታ ከዚህ እጅግ ያንሳል። ሲኒውን ባልሞላ ቡና ጆግ ማምጣት ምን ያደርጋል? 24 ቢት የሚጠቅመው ማይክሮፎን ስትቀዱ ነው፤ ሰው በድንገት ጮክ ቢል እንዳይሰነጠቅ ዝቅ አድርጋችሁ እንድትቀዱ ዕድል ይሰጣችኋል። ለመስማት ብቻ ከሆነ በዚህ ቁጥር ምክንያት አንድ ብር እንዳትጨምሩ።

በነገራችን ላይ ከስልክ ጋር የሚመጡትንና የሚሸጡትን አጫጭር መለወጫ ሽቦዎች አትናቁ። አፕል በ9 ዶላር የሚሸጣት ከዩኤስቢ ሲ ወደ ማዳመጫ የምትቀይር ሽቦ በውስጧ ሙሉ ሳውንድ ካርድ አለች፤ ድምፅዋም ንጹሕ ነው። ላፕቶፑ ጥዝ ለሚልበት ሰው እሷ ብቻ ልትበቃ ትችላለች።

አሁን ወደ ማዳመጫው። እውነተኛው ልዩነት ያለው እዚህ ነው። ከአንድ ደህና ካርድ ወደ ሌላ ደህና ካርድ ብትሄዱ ለውጡን ለመስማት ትቸገራላችሁ። ከአንድ ማዳመጫ ወደ ሌላው ስትሄዱ ግን አንድን ወሬ ከሁለት ሰው አፍ እንደመስማት ነው። ስለዚህ ብሩን ወደዚህ አዙሩት እላለሁ።

መጀመሪያ የገዛሁት መርካቶ ነው። ታዋቂ ስም የታተመበት፣ ሳጥኑ የሚያብረቀርቅ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው፤ ቤዙ ቤት ያናውጣል» አለኝ። እውነትም ያናውጣል። ኦርጅናል ግን አልነበረም፤ ወር ሳይሞላው መታጠፊያው ተሰበረ። ከመሰበሩ በላይ ያናደደኝ ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ ነው።

አራተኛው ካሴት ላይ አያቴ ስለ ገጠሩ ዘመድ ሲያወሩ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። «እርሻው ላይ ጥል ገባ፣ እግዜር ይወቀው» ይላሉ። ወይስ «ትል ገባ» ነው? አሥር ጊዜ መለስኩት። በዚያ ማዳመጫ «ጥ»ና «ት» አንድ ናቸው። እትዬን ጠየቅኳቸው። «ጥል ነዋ» አሉኝ። «ካርቱም ሆኜ ነው የሰማሁት። ወንድሞቼ በመሬት ተጣሉ ብዬ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።»

የአማርኛችን ነገር እንዲህ ነው። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጰ፣ ጸ የሚባሉት ፈንጂ ድምፆች ናቸው። ትንሽ ጠብ የምትል ፍንዳታ አለች፤ ከሷ ቀጥሎ አናባቢው እስኪመጣ ድረስ ቅጽበት የማትሞላ ዝምታ አለች። «ጥ»ን ከ«ት» የምትለየው ያቺ ፍንዳታና ያቺ ዝምታ ናቸው። ፍንዳታዋ የምትገኘው ከፍ ባለው የድምፅ ክፍል ነው። ቤዙ ያበጠ ማዳመጫ ከታች ያለውን እየጎተተ ላይኛውን ይሸፍነዋል፤ ዝምታዋንም ይሞላታል። ለዘፈን ደስ ሊል ይችላል። ለሰው ንግግር ግን፣ በተለይ ለአማርኛ፣ አይሆንም። የሻጭ ማስታወቂያ ላይ «ቤዝ» የሚለው ቃል ጎልቶ ካያችሁ፣ እናንተም የምትሰሙት ስብከት፣ ትረካ፣ ትምህርት ወይም ስብሰባ ከሆነ፣ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።

ከዚያ በኋላ ለራሴ መፈተኛ ሠራሁ። እናቴን ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ አስቀምጬ በስልኬ ቀዳኋት። «ጥል፣ ትል። መጣ፣ መታ። ቀበረ፣ ከበረ» ትላለች። በመጨረሻ «ምን ያደርግልሃል ይሄ?» ብላ ትስቃለች። ስልኬን ይዤ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። ማዳመጫ ስሞክር ዘፈን አልከፍትም፤ እናቴን ነው የማሰማው። ቃላቱን ብቻ ሳይሆን ሳቋንም እሰማለሁ። በብዙዎቹ ላይ የሷ ሳቅ አልመሰለኝም። እናንተም ድምፁን በደንብ የምታውቁትን ሰው ቅዱና ይዛችሁ ሂዱ። ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም።

ስቱዲዮ የሚሠራ ጓደኛዬ በየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ አዋሰኝ። ባለ 250 ኦሙን። ማዘርቦርዱ ላይ ስሰካው አያቴ በሹክሹክታ የሚያወሩ መሰሉ። ይህ ማዳመጫ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሠራል። ኦም ማለት ማዳመጫው ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው እምቢታ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጠንከር ያለ ቮልት ይፈልጋል፤ ያንን የማይሰጥ ቀዳዳ ላይ ድምፁ ይደክማል። ለቤት ኮምፒዩተር ከ80 በታች ያለውን ያዙ። ካልሆነ ለብቻው አምፕሊፋየር ልትገዙ ነው።

ክፍትና ዝግ የሚባልም አለ። እንደ ሰንሃይዘር ኤችዲ 600 ያለው ክፍት ነው፤ ጀርባው ወንፊት ስለሆነ ድምፁ ይተነፍሳል፣ ለረጅም ሰዓት አያደክምም። ግን እናንተ የምትሰሙትን አጠገባችሁ ያለውም ይሰማል፤ የውጭውም ይገባል። እኛ የምንኖረው አራተኛ ፎቅ፣ ከቆርቆሮው ሥር ነው። ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲወርድ ክፍት ማዳመጫ ማድረግ የማይታሰብ ነው። ዝግ መረጥኩ።

የእትዬ ልጅ በሰኔ ሲመጣ ሶኒ ኤምዲአር 7506 ይዞልኝ መጣ። አሜሪካ መቶ ዶላር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ እየተሠራ ያለ፣ የሬዲዮና የቀረጻ ሰዎች አንገት ላይ የማይጠፋ ማዳመጫ ነው። 63 ኦም። ገመዱ እንደ ድሮ ስልክ የተጠቀለለ ነው። መልኩ አያምርም፣ ቤዙም ቤት አያናውጥም። የእናቴን ቅጂ ከፈትኩ። ጥል፣ ትል። ቀበረ፣ ከበረ። ሳቋ ሳቋን መሰለ።

ያን ያህል ብር ለሌለው ሰው ደግሞ፣ ደህና ባለ ሽቦ የጆሮ ውስጥ ማዳመጫ ከተለጠፈ ስም ይሻላል። ብሉቱዝ ለመስማት ምንም አይልም፤ ድምፅ ለማረም ግን ስለሚዘገይ እጅና ጆሮ አይገናኙም። አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ማታ ማታ ሦስት አራት ሰዓት ስቀመጥ፣ የደከመ ቃል ለመስማት ድምፁን ከፍ ሳደርግ፣ አንድ ሌሊት ጆሮዬ ጭው ብሎ አደረ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚለው በሳምንት 80 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት ነው፤ 90 ከደረሰ ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ። በጆሮ ስንሰማው ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ የሚፈቀደው ሰዓት ግን በአሥር እጥፍ ይቀንሳል። አሁን ቃል ካልሰማሁ ድምፁን አልጨምርም። ተነስቼ ውኃ እጠጣና እመለሳለሁ።

አራተኛውን ካሴት እንደገና ከፈትኩት። መጀመሪያ የዴኩን ራስ፣ ሪባኑን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮልና በጥጥ አጸዳሁ፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ሰማሁ። «እርሻው ላይ ትል ገባ።» ምንም አያጠራጥርም። እናቴን ጠራኋትና አሰማኋት። «ትል ነው እንጂ» አለች። «ያን ዓመት ማሽላውን ጨረሰው።» እትዬ አጠገቧ ተቀምጠው ነበር። ምንም አላሉም። ቀስ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

የካሴቶቹ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። አያቴ እየቆዩ ሲሄዱ ድምፃቸው ይቀጥናል፣ ንግግራቸው ይፈጥናል። በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ሕፃን ልጅ ይመስላሉ። የባትሪው ነው። ሲቀዳ ባትሪው እየደከመ፣ ሪባኑ እየዘገየ ሄዷል። እኔ በትክክለኛው ፍጥነት ሳጫውተው ይሮጣል። ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ፍጥነቱን በጥቂት በጥቂቱ እየቀነስኩ መለስኩት። የትኛው ፍጥነት ትክክል እንደሆነ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ «አሁን እሷ ሆነች» እስክትል ድረስ። የ1977 ዓ.ም. ካሴት ላይ አያቴ ከሰላምታ በኋላ ስለ ዝናብ ብቻ ነው የሚያወሩት። እሱን ስናስተካክል ማንም ብዙ አልተናገረም።

ዘጠነኛው ካሴት ላይ ከንግግሩ ጀርባ «ድም፣ ድም» የሚል ነገር አለ። በመርካቶው ማዳመጫ ስሰማው የሞተሩ ወይም የሪባኑ ጉዳት መስሎኝ ነበር። ረብሻ የሚያጠፋውን መሣሪያ ከፍቼ፣ ድምፁን መርጬ፣ ላጠፋው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ያን ቀን መብራት ጠፋና ተውኩት።

ነሐሴ ላይ በአዲሱ ማዳመጫ ከፈትኩት። ድም ብቻ አይደለም። ድም ካለ በኋላ ቅንጣቶች ይንኮሻኮሻሉ፤ ይረጋሉ፤ እንደገና ድም። እንጨት በእንጨት ላይ ነው። አያቴ ስለ እህል ዋጋ ያወራሉ፤ ከኋላቸው ሰው ይወቅጣል። አንዳንዴ ምቱ ይቆምና እፍ የሚል ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ አንዲት ልጅ ከንፈሯን ገጥማ ታንጎራጉራለች። ዜማው አይለይም፤ ልጅነቷ ግን ይለያል።

ማዳመጫውን ለእትዬ ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ስለተዘጋ ሳያውቁት ጮክ ብለው ተናገሩ።

«ይቺ እኮ እናትህ ናት! ቡና እየወቀጠች!»

እናቴ ከማድ ቤት እጇን እየጠረገች መጣች። እትዬ አውልቀው ጆሮዋ ላይ አደረጉላት። ቆማ ሰማች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጣቷ ጠረጴዛው ላይ ከምቱ ጋር መንቀሳቀስ ጀመረ።

«እኔስ እኔ ነኝ» አለች። «ሙቀጫው ግን የኛ አይደለም። የኛ ተሰንጥቆ ነበር፣ ሲመታ ይጮሃል። ይሄ የጎረቤት ነው። ቴፑን ስንዋስ ሙቀጫውንም አብረን ተውሰን ነበር ማለት ነው።»

እትዬ «እንዴት አወቅሽው?» አሏት። አልሰማቻቸውም። ዓይኗን ከድና ነበር። ቡናው ደቅቆ ምቱ እስኪለሰልስ ድረስ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ሲያልቅ ማዳመጫውን ሳታወልቅ ወደኔ ዞረች።

«ገልብጥልኝ፣ ያንኛውን ጎን» አለችኝ።

የሁለተኛውን ጎን ፋይል ከፈትኩላት።